የትንንሾቹ ክፍል በር

«ዛሬ ልጆቹ አበባ ነው የሚስሉት፤ ንገሪያት ለእህትሽ» አለ የእህቷ ባል። ሰዓሊዋ ይህን የሰማችው ሳሎን ሶፋው ላይ እንደተጋደመች፣ አንሶላዋን እስከ አገጯ ስባ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው። ሳሎኑንና ማድቤቱን የሚለየው ሲያንኳኩት እንደ ካርቶን የሚያስተጋባ ስስ ግድግዳ ነው። ባልና ሚስቱ ግን አምስት ሳምንት ሙሉ፣ እንግዳቸው ሶፋው ላይ ስትተኛ ራሷም ሶፋ የምትሆን ይመስል፣ የቤታቸውን ነገር ሁሉ ጠዋት ጠዋት እዚያው ቆመው ያወሩታል። «ዛፍም ቢሆን ደግ ነው። ወፍ። ዓሣ። ቤት ግን ይቅርብን፤ አደራ፣ ቤት የሚባል ነገር እንዳይነሳ።» የእህቷ የሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ይሰማል፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ ማንኪያው ግን ይዞራል። «ሰማሽኝ?» አለ ሰውዬው። «ሰማሁ።» «እና?» «እና አበባ።»

እህቷ ባሏን ፊት ለፊትም ሆነ በሌለበት «ሰውዬው» ነው የምትለው፤ ሰዓሊዋም በልቧ እንዲሁ ስትለው ከርማለች። ሰውዬው የልጆች ማሳደጊያው ኃላፊ ነው። እህቷ የማሳደጊያውን ልብስ ታጥባለች። የሚኖሩባት ሳሎንና መኝታ ቤት የግቢው ጥግ ላይ የተሠራች፣ ከሥራው ጋር የመጣች፣ ከሥራው ጋርም የምትሄድ ቤት ናት። ሰውዬው ሰዓሊዋን ፊት ለፊት ሲያገኛት «እትዬ» ይላታል፣ «እርስዎ» ይላታል፣ ከመቀመጫው ብድግ ይላል፤ ከግድግዳው ማዶ ሲሆን ግን «እህትሽ» ናት፣ አንዳንዴም «ያቺ»። እሷ በዚህ አልተቀየመችም። ሃያ ሦስት ዓመት ለሱቆች ታፔላ ስትጽፍ፣ ግድግዳ ላይ ጫማና ኬክ ስትስል የኖረች ሴት ስለሆነች፣ ሰው ለመንገደኛ የሚያሳየውን ግድግዳና ለራሱ የሚያስቀረውን ግድግዳ እኩል እንደማያስቀባ ታውቃለች። ወደዚህ ባዕድ አገር የመጣችው ለስድስት ሳምንት ያህል የማሳደጊያውን ልጆች በበጎ ፈቃደኝነት ሥዕል ልታስተምር ነው። በጎ ፈቃደኛ ማለት የሚሠራና የማይከፈለው ሰው መሆኑን ድሮም ታውቅ ነበር። ያላወቀችው፣ የማይከፈለውን ሰው ሁሉም እንደ በሽተኛ ቀስ ብሎ የሚያናግረው መሆኑን ነው። ያገሩን ቋንቋ ደግሞ አርባ ቃል ያህል ነው የያዘችው፤ አብዛኛው የቀለም ስም ነው። የቀረው «ልጆች»፣ «በር»፣ «ውስጥ»፣ «ውጭ»፣ «ማታ»፣ «አመሰግናለሁ» የመሳሰለ ነው።

ቁርስ ላይ እህቷ ስለ አበባው ትነግረኛለች ብላ ጠበቀች። እህቷ ዛሬ ይሞቃል አለች። ዳቦ ደግሞ መጨመሩን፣ ያውም ዋጋው እየጨመረ መጠኑ እያነሰ መሄዱን፣ ድሮ አንዱን ለሁለት ይቆርሱት የነበረው አሁን ለአንድ ሰውም እንደማይበቃ አወራች። ሰዓሊዋ ዳቦዋን ስታኝክ ቆየች። እህትማማቾቹ በአንድ አልጋ ያደጉ ናቸው፤ ታናሽየዋ ስትዋሽ ዕቃ ማንሳት እንደምትወድ ታላቅየዋ ከጥንት ጀምሮ ታውቃለች። በመጨረሻ እህቷ ገና በውስጡ ሻይ ያለበትን ብርጭቆ አነሳችና «እታለም፣ ዛሬ አበባ ብታስተምሪያቸው ምን ይመስልሻል?» አለች። ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ፣ አበባ ቆንጆ ነው ብላ ብርጭቆውን ይዛ ሄደች።

ሰውዬው ከመኝታ ቤት ሲወጣ ሸሚዙ ተተኩሶ፣ ጸጉሩ በውሃ ተበጥሮ ነበር። እንዴት አደሩ እትዬ ብሎ እስክትመልስለት ቆመ። ከሰዓት በኋላ ከከተማው ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ እንደምትመጣ፣ የልጆቹ ሥዕሎች ኮሪደሩ ላይ እንደሚሰቀሉ፣ እሷም አንድ ሁለት ቃል ብትናገር እሱ እንደሚያስተረጉምላት ነገራት። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ የትንንሾቹ መኝታ ክፍል በር ላይ የተላጠች ነገር እንዳለች፣ ለእንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ቀለም ቀቢ መጥራት ቅንጦት እንደሚሆን፣ የእሷ እጅ ግን እንኳን በር ሰማይ ቢላጥ እንደሚያድስ አጫወታት። ሰዓሊዋ ሙያዋን ሲያነሱላት ሆዷ የሚላላ ሴት ናት። ስቱኮውና ሁለት ቆርቆሮ ቀለም ተዘጋጅቶ ጠበቃት፤ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር የእጅጌዋን ጫፍ ሰብስባ ገባችበት።

ትንንሾቹ የሚባሉት ከሰባት ዓመት በታች ያሉት ሃያ ሁለቱ ናቸው፤ ሁሉም አንድ ረጅም ክፍል ውስጥ ይተኛሉ፤ ሰዓሊዋ እስከዚያ ጠዋት በመኝታቸው ኮሪደር አልፋ አታውቅም። በሩ ወደ ግራጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። በኮሪደሩ በኩል፣ በአዋቂ ሰው ደረት ከፍታ ላይ፣ አንድ መዳፍ የሚያህል ፈዘዝ ያለ አራት ማእዘን ነበር፤ በአራቱም ጠርዝ አንድ አንድ የብሎን ቀዳዳ አለ። ከጎኑ መቃኑ ላይ ደግሞ ሌላ ትንሽ ምልክት፣ ሁለት ቀዳዳ። የክፍሉ ቁጥር ወይም ስም የተጻፈበት ሰሌዳ እዚህ ነበር ማለት ነው ብላ አሰበች፤ ሁለተኛው ምልክት ለምን መቃኑ ላይ እንደሆነ አላሰበችም። ቀዳዳዎቹን በስቱኮ ሞላች፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸች። ከዚያ ቀለሙ መጣ። አዲስ ቀለም አሮጌ በር ላይ ይጮሃል፤ ተራ ቀቢ ያንን ጩኸት ጥሎ ይሄዳል። እሷ አረንጓዴውን በነጭ አደበዘዘችው። አሁንም አዲስ አዲስ ሲሸትባት ከመስኮቱ ደፍ አቧራ በጣቷ ጠርጋ ጨመረችበት፤ የበሩን ዕድሜ፣ የእጅ ወዙን ጭምር አስመስላ አገኘችው። ቀብታ ስትጨርስ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደችና ቦታውን ለማግኘት ራሷም ተቸገረች። በመጣች በአምስት ሳምንቷ ሙሉ ሥራ የሠራችው ያን ጠዋት እንደሆነ ተሰማት። ሰውዬው መጥቶ አየና ትከሻዋን መታ መታ አድርጓት ሄደ። እጁን ኪሱ ሲከት የሆነ ብረታ ብረት ተንቃጨለ።

ልጆቹ ከቁርስ ሲመለሱ በዚያው በኩል ያልፋሉ። ቀለሙን እንዳይነኩ ብላ በሩ አጠገብ ብሩሿን እንደያዘች ቆመች። ሁሉም አፍንጫቸውን እየያዙ፣ እየተገፋፉ አለፉ። መጨረሻ ላይ የመጣችው አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ሰዓሊዋ ስሟን መጥራት አልሆንልሽ ስላላት በልቧ «ጭምቷ» ነው የምትላት። ጭምቷ ቆመች። በሩን አየች። ከዚያ ቀና ብላ በእግር ጣቷ ተንጠራራችና፣ ሳትነካ፣ ጣቷን ወደ በሩ ዘርግታ አንድ ቦታ ላይ አቆመች፤ ቀጥላ ሌላ ቦታ፤ ቀጥላ ሌላ፤ ቀጥላ ሌላ። ሰዓሊዋ የሸፈነቻቸውን አራቱን ቀዳዳዎች፣ ራሷ ሰዓሊዋ እንኳ ለማግኘት የተቸገረቻቸውን፣ አንዱንም አልሳተችም። ጣቷን ወደ መቃኑ አዛወረችና እዚያም ሁለት ቦታ አመለከተች። ከዚያ የሰዓሊዋን ብሩሽ አየች፣ ወደ መማሪያ ክፍል ገባች። ሰዓሊዋ ልጅቱ ያመለከተቻቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ በዓይኗ ፈለገቻቸው።

ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ልጆች አበባ ሳሉ። ሁሉም ክብ፣ ሁሉም አምስት ቅጠል። እሷ በየወንበሩ መሃል ስትዞር ግን የምታየው ያለፈውን ወር ነው። በሁለተኛው ሳምንት «የምትተኙበትን ቤት ሳሉ» ብላቸው ነበር። ልጆች እንደሚያደርጉት ግድግዳውን እንደ ሳጥን ከፍተው ውስጡን አሳዩ፤ አልጋ በአልጋ፣ ጭንቅላት በጭንቅላት፣ በጎን በኩል በር። ጭምቷና ሌሎች ሁለት ልጆች ግን የበሩን መቀርቀሪያ ከግድግዳው ውጭ ሳሉት፤ ጥቁር፣ ከአልጋው የሚተልቅ። ሰዓሊዋ ሳቀች። መቀርቀሪያ ከውስጥ ነው የሚሆነው፤ ሰው ራሱን ይዘጋል እንጂ ሌላውን አይዘጋም። የታፔላ ሥራ እጇን አበላሽቶታል፤ የተሳሳተ ነገር አይታ ማለፍ አትችልም፤ ደንበኛ የሚከፍለው ለትክክሉ ነው። ላጲስ አንስታ የጭምቷን አጠፋችና መቀርቀሪያውን ከውስጥ፣ ከአልጋዎቹ ጎን ሳለችላት። «ውስጥ» አለቻት ባገሩ ቋንቋ። ጭምቷ ዝም ብላ አየቻት፤ እሷ ዞር ስትል መልሳ ውጭ ሳለችው። እንደገና ጠፋ። እንደገና ሳለችው። በሦስተኛው ወረቀቱ ሳስቶ ሊቀደድ ሲደርስ ልጅቱ ራሷ ላጲሱን ተቀብላ አጠፋችና መቀርቀሪያውን ውስጥ ሳለች። ሰዓሊዋ ጭንቅላቷን ነቅንቃ ጎሽ አለቻት። ያን ዕለት እራት ላይ፣ የዚህ አገር ልጆች በሩን ከውጭ ይቆልፉታል፣ አርሜላቸው መጣሁ ብላ ለጨዋታ አነሳችው። ማንም አልሳቀም። ሰውዬው ሳህኑን አየ፤ እህቷ ማንም ያልጠየቃትን ውሃ ልታመጣ ተነሳች።

ትምህርቱ እንዳለቀ የሄደችው ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። ክፍሉ ግማሹ ከመሬት በታች ነው፤ መስኮቱ በጣሪያው ሥር ስለሆነ የሰው ጫማ ብቻ ነው የሚታይበት። ሁለት ማሽኖች ይጮኻሉ፣ እህቷ በመሃላቸው ቆማ አንሶላ ታጥፋለች፤ በየቀኑ፣ እሑድ እንኳ ሳይቀር፣ ሃያ ሁለት አንሶላ። ሽታው የሳሙናና የሽንት ነው። ሰዓሊዋ የአንዱን አንሶላ ጫፍ ያዘች፤ ሁለቱ እንደ ልጅነታቸው ወደ ኋላ እየተሳሳቡ፣ እየተቀራረቡ አጠፉት። ከማሽኑ ጩኸት በላይ መጮህ ስላልፈለገች፣ አንሶላው ሲያቀራርባቸው ጠብቃ በሩ ላይ የነበረው ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። እህቷ ዕቃ ልታነሳ ዘወር ብላ ፈለገች፤ የያዘችው አንሶላ ነበር።

«መቀርቀሪያ ነው» አለች። «ታውቂዋለሽ። አንቺ ራስሽ ነሽ ያረምሽው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገር፣ ፊቷን ወደ ማሽኑ አድርጋ፣ የሰው ነገር እንደምታወራ ነገረቻት። ከሁለት ዓመት በፊት ከትንንሾቹ አንዱ በእንቅልፍ ልቡ ተነስቶ ወጥቶ፣ ጠዋት ዋናው መንገድ ዳር ነው የተገኘው፤ እንዴት እንደተገኘ አልተናገረችም። የሌሊት ጠባቂዋ አንዲት ናት፤ ያቺኑ አንዷን ትልልቆቹ ላይኛው ፎቅ ላይ ይዘዋት ይቀራሉ። ሰውዬው ሁለተኛ ጠባቂ ይቀጠርልኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ጻፈ፤ ሦስት ጊዜ በጀት የለም ተባለ። በአራተኛው መቀርቀሪያ ገዛ። ማታ ይዘጋል፣ ጠዋት ይከፈታል። ሽንት ቤቱ ከበሩ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ስለሆነ አንሶላው ይረጥባል፤ የረጠበው ይታጠባል። ባለፈው ወር የተሰናበተች ጠባቂ ግን ለከተማው ጻፈችባቸው። ለዚህ ነው ተቆጣጣሪዋ የምትመጣው፤ ለዚህ ነው መቀርቀሪያው ዛሬ የተነቀለው። ሰዓሊዋ እሳት ቢነሳስ አለች። እስካሁን አልተነሳም አለች እህቷ።

«ነገስ?»

«ነገ ይመለሳል። ብሎኖቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው።» እህቷ የታጠፈውን አንሶላ እንደ ሕፃን አቅፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አየቻት። «እታለም፣ አንቺ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረሽ። ሰርተፊኬትሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። እኛ ከዚህች ቤት ወጥተን የምንገባበት የለንም። ስለዚህ እባክሽ፣ በእናታችን፣ አበባውን ብቻ።»

ሰዓሊዋ የሚቀጥለውን አንሶላ ጫፍ ያዘች። ሦስት አንሶላ አጠፉ።

ተቆጣጣሪዋ በዘጠኝ ሰዓት መጣች። ዝርግ ጫማ ያደረገች፣ አቃፊ የያዘች፣ ሻይ ሲሏት ውሃ ብቻ የምትል ሴት ናት። ሰውዬው ሥዕሎቹን ራሱ መርጦ፣ ራሱ ነበር የሰቀላቸው፤ አበባዎቹን ከላይ ከታች ደርድሮ፣ መሃል ላይ፣ ልክ በተቆጣጣሪዋ ዓይን ትይዩ፣ ሦስቱን ቤቶች አድርጓቸዋል። ሦስቱም ላይ መቀርቀሪያው ውስጥ ነው። ሴትየዋ ጭምቷ የሳለችው ላይ ስትደርስ ቆመች፤ በአንድ ጣቷ ሦስት ጊዜ በመጥፋት የሻከረውን የወረቀቱን ቦታ ዳሰሰችና የሆነ ነገር ጠየቀች። ሰውዬው ወደ ሰዓሊዋ ዞሮ በፈገግታ፣ ይሄ ለምን ተፋቀ ትላለች አለ። ቀጥሎ መልሱንም ሰጣት፤ «ልጅ ሲሳሳት ያርማሉ አይደል እትዬ? እንደሱ ይበሉልኝ።» ሰዓሊዋ አርሜዋለሁ አለች። ውሸት አልነበረም። ሰውዬው ከዚያች አንድ ቃል ስድስት ዓረፍተ ነገር አውጥቶ አስተረጎመ።

ሴትየዋ በዚህ አልረካችም መሰል፣ ሥዕሉን የሳለችው ልጅ ትምጣልኝ አለች። ጭምቷ መጣች፤ አሁን የታጠበ ፊቷ ያብረቀርቃል። ተቆጣጣሪዋ ልጅቱ ፊት ቁጢጥ ብላ ለስለስ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት። ሰዓሊዋ ከጥያቄው «በር»ን፣ «ማታ»ን፣ «ውስጥ»ን፣ «ውጭ»ን ለየች፤ ሌላውን ለማወቅ ቋንቋ አላስፈለጋትም። ጭምቷ መጀመሪያ ሴትየዋን፣ ቀጥላ ሰውዬውን አየች። በመጨረሻ ዓይኗን ሰዓሊዋ ላይ አሳረፈች። ፍርሃት አልነበረበትም ዓይኗ፤ ክፍል ውስጥ መልስ ከመስጠቷ በፊት የምታደርገውን ነው ያደረገችው። ጣቷን አንስታ ሥዕሉ ላይ መቀርቀሪያውን ነካች። «ውስጥ» አለች። ያንን ብላ፣ ሰዓሊዋ ጭንቅላቷን እንድትነቀንቅላት ጠበቀች።

ሰዓሊዋ አልነቀነቀችም። አይደለም ብላም አልተናገረችም። ተቆጣጣሪዋ ግን ቀና አለች፤ እፎይ እንዳላት ያስታውቃል፤ ማንም ቢሆን በዚህ ሙቀት ጠብ ፈልጎ አይመጣም። ወደ ትንንሾቹ ክፍል ሄደው በሩን ከፈተች፣ ዘጋች፤ በውስጥ አየች፣ በውጭ አየች። ከውስጥም ከውጭም መቀርቀሪያ የለም። ያንን ጻፈች። ቀለም የሸተታት ይመስል አንዴ አየሩን አሸተት አደረገች፤ በአካባቢው ግን የተቀባ ነገር አላየችም፤ አይታይማ። እስክሪብቶዋን ከደነች። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ እህቷ የታጠፉ አንሶላዎች እስከ አገጯ ደርድራ ተሸክማ ቆማለች፤ ከአንሶላው በላይ ዓይኗ ብቻ ይታያል።

«በር» አለች ሰዓሊዋ ባገሩ ቋንቋ። ድምፅዋ ለራሷም አዲስ ሆነባት። «ማታ። ልጆች ውስጥ። በር ውጭ…» መቀርቀሪያን ምን እንደሚሉት አታውቅም፤ ቀዳዳን አታውቅም፤ ዋሸን አታውቅም። «እኔ አረንጓዴ» አለች፣ ደረቷን እየነካች። ሰውዬው ሳቅ አለና ሁለት ቃል ጣል አደረገ። ተቆጣጣሪዋ ፊቷ በራ፤ በሩን አየት አድርጋ የሰዓሊዋን ክንድ ዳበስ አደረገች። «እጅዎ ይባረክ ትላለች» አለ ሰውዬው። «በሩን እርስዎ እንዳደሱት ነገርኳት።»

ከሁለቱ ማንኛቸውም ሳይንቀሳቀሱ ሰዓሊዋ አውራ ጣቷን በሩ ላይ አሳረፈች። ቀለሙ ቆዳ አውጥቷል እንጂ አልደረቀም፤ ሥሩ ያለው ስቱኮም ላዩ እንጂ ውስጡ ገና ለጋ ነው። ጥፍሯን ሰክታ ጫረች። አንዱ ቀዳዳ ወጣ። እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው አለ ሰውዬው፤ አልቆመችም። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ከዚያ መቃኑ ላይ ያሉት ሁለቱ። ጥፍሯ ውስጥ ነጭና አረንጓዴ ተጠቀጠቀ፤ ያን ያህል የለፋችበት፣ ያቺ አገር ካየችላት ሥራ ሁሉ የተሻለው፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወለሉ ላይ ፍርፋሪ ሆነ። ተቆጣጣሪዋ ቀዳዳዎቹን አየች፤ ጎንበስ ብላ ትንሿን ጣቷን አንዱ ውስጥ ከተተች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ሄዷል። ሰውዬውን አንድ ነገር ጠየቀችው። ይሄኛውን ለማንም አላስተረጎመም፤ ጫማውን እያየ መለሰላት። ሴትየዋ መዳፏን ዘረጋች። ሰውዬው እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ስድስት ብሎኖች አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ጭምቷ ይህን ሁሉ ግድግዳ ተጠግታ ታያለች። እህቷ ግን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አልነበረችም፤ አንሶላዎቹ ወለሉ ላይ፣ እንደተደረደሩ፣ አንዱም ሳይዛነፍ ተቀምጠዋል።

ሴትየዋ ከመሄዷ በፊት ያለችውን ሰውዬው ኋላ ላይ ለሰዓሊዋ በታማኝነት አስተረጎመላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጨመረም፣ ምንም አልቀነሰም። መቀርቀሪያው ከዛሬ ጀምሮ አይመለስም። እሱን በሚመለከት በሁለት ሳምንት ውስጥ ደብዳቤ ይደርሰዋል። የሁለተኛ ጠባቂ ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ይታያል። ይህን ሲነግራት አልጮኸባትም። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። የተተኮሰው ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ ተጣብቆ፣ ከቢሮው አንድ ወንበር ይዞ መጣና የትንንሾቹ በር አጠገብ አስቀመጠው።

«ያ ልጅ የወጣው በዚህ በር ነው» አለ። «እኔ ነኝ ያነሳሁት፤ ጫማ አላደረገም ነበር። እንግዲህ እትዬ፣ እርስዎ በጎ ፈቃደኛ አይደሉ? ይቀመጡ።»

ተቀመጠች።

እዚህ አገር በዚህ ወር ፀሐይ አልገባ ትላለች፤ ልጆቹ በአንድ ሰዓት ሲተኙ መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን ገና የከሰዓት ነው። ሃያ ሁለቱ ተሰልፈው አጠገቧ አልፈው ገቡ። አንዳንዶቹ ወንበር ላይ መቀመጧ አሳቃቸው። በሩ ተገጠመ፤ ከጀርባው የለመዱት ድምፅ እስኪመጣ የሚጠብቁ ይመስል ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አሉ። ድምፁ አልመጣም። ከዚያ ሹክሹክታ ተጀመረ።

እህቷ ምግብ በሳህን ሸፍና መጣችና ወለሉ ላይ፣ ከወንበሩ ሥር አኖረችላት። ልትሄድ ዘወር አለች፤ እንደገና ቆመች። ዓይኗ ያበጠ አይደለም፤ ያበጠ ቢሆን ለሁለቱም ይቀላቸው ነበር።

«ዘጠኝ ቀን ትቀመጫለሽ» አለች። «በአሥረኛው ማን ይቀመጥ?»

ሰዓሊዋ አንቺ ልትል አልቻለችም፤ እህቷ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ማሽኑን የምታስነሳ ሰው ናት፤ በዚያ ላይ ደብዳቤው ከመጣ በኋላ እዚህ ግቢ መኖሯንም እንጃ። እሱም፣ እሷም፣ የሚመጣው አዲስ ኃላፊም፣ የሚገዛው አዲስ መቀርቀሪያም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታዩዋት። ምግቡን አመሰገነች። እህቷ ሁለት አንሶላ ለብቻው አጣጥፋ ሶፋው ላይ እንዳስቀመጠችላት፣ ጧት ሻንጣዋን ከሳሎን ብታነሳው ሰውዬው ደስ እንደሚለው ተናገረችና ሄደች። ጫማዋ ደረጃው ላይ እስኪጠፋ ድረስ ተሰማ።

በሩ ተከፈተ። ጭምቷ ናት። ሰዓሊዋን አየት አድርጋ ወደ ሽንት ቤት ሄደች፤ ውሃ ሲለቀቅ ተሰማ፤ ተመለሰች። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ እንደገና ወጣች። በሦስተኛው ጊዜ ውሃ አልተለቀቀም፤ ልጅቱ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ በባዶ እግሯ ሄዳ ግድግዳውን በመዳፏ ነክታ ነው የተመለሰችው። በአራተኛው ሁለት ሌሎች ተከተሏት፤ ሦስቱም ተራ በተራ ግድግዳውን ነክተው፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው እየሳቁ ተመለሱ። ሰዓሊዋ አልከለከለችም። ዋናው መንገድ ከዚህ ምን ያህል እንደሚርቅ ስታስብ ነበር። ታች ያለው የውጭው በር ይዘጋ አይዘጋ አላረጋገጠችም። ሳህኑን ሳትገልጠው ምግቡ ቀዘቀዘ፤ ወገቧ ወንበሩን አልቀበል አለ፤ መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን ግን አሁንም አለ።

በአምስተኛው ጊዜ በሩ ተከፈተና ማንም አልወጣም። ሰዓሊዋ ቀና ስትል ጭምቷ ደፉ ላይ ቆማ ቁልቁል ታያለች። የምታየውን ሰዓሊዋም አየች፤ የራሷ እግር ነው። መቼ እንደዘረጋችው አታውቅም፤ ከወንበሩ እስከ መቃኑ ድረስ፣ በሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ተጋድሟል። ልጅቱ አልዘለለችውም፣ አንሺልኝም አላለችም፤ ዝም ብላ እስኪነሳ ትጠብቃለች። ሰዓሊዋ እግሯን እስክትሰበስበው ድረስ ጥቂት ቆየ፤ ደክሟት ነበር።